ለእኔ ብቻ የሚመጣው ማር

ልጄ አቢጌል፣

ጌታ በምትውይበትም በምታድሪበትም ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ የደሴን ዳገት እንቢ ብሏል።

የኮምቦልቻው የማር ማሸጊያሽ ሥራ አስኪያጅ ያዕቆብ በየሳምንቱ እየመጣ ደም ግፊቴን ያስለካኛል፤ ማርም ያመጣልኛል። ጠርሙሱ ላይ ግን የድርጅትሽ ስም ተለጥፎበት አያውቅም። ነገሩ ስላልገባኝ ቀስ ብዬ ሰኞ ገበያ ወረድኩና «ንጹሕ የኩታበር ማር» የሚለውን ያንቺን ጠርሙስ ገዛሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት የእኔው ረጋ፤ የገበያው እንደ ቀጠነ ቀረ። ንጹሕ ማር ሲቆይ ይረጋል ይባላል፤ የገበያው ለመበረዙ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ያዕቆብ ግን የገበያውን ጠርሙስ ሲያይ ደነገጠ።

«ቲቸር፣ ኧረ ይህን እንዳይበሉ! የእርስዎን እኮ ለብቻ ነው የማስቀምጠው።»

«ለምን? ሰው የሚበላው እኔን ምን ያደርገኛል?»

«አቢጌል ናት ያዘዘችኝ» አለና አቀረቀረ።

ልጄ፣ ስለምታስቢልኝ አመሰግናለሁ። ግን ለእናቷ ንጹሑን ለይታ የምታስልክ ሴት ሌላው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች? ሰኞ ገበያ ከእኔ ጋር ተሰልፈው የገዙትም ያረጁ እናቶች ነበሩ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

መልሱን አትደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ ቶሎ አምንሻለሁ። ጻፊልኝ። እስከዚያ የምበላው የገበያውን ነው።

ጌታ እውነቱን ለመጻፍ ያበርታሽ።

እናትሽ አበባ