ለሞራግ ራት ምን ልልበስ

ሰኞ፣ ጥር 12

አልለብሰውም ብዬ ሳልጨርስ ሞራግ አንገቴ ላይ ጣል አደረገችው። ቀይ ነው። ደማቅ ቀይ፣ በአረንጓዴና በጥቁር መስመር ዳማ ዳማ የሆነ የሱፍ ሻርፕ። ጥቁር ቀሚሴ ላይ ሲያርፍ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ቶሎ አውርጄ አጣጠፍኩት።

ሞራግ አዋላጅ ነርሶችን ልታሠለጥን ከስኮትላንድ ወደ ደብረ ታቦር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ ስለሆነ “እንግሊዝኛሽ ትእዛዝ ይበዛዋል” እያለች ትስቅብኛለች። ቅዳሜ ቤቷ ራት አለ። በአገሯ በዚህ በብርዱ ወር የአንድ የጥንት ባለቅኔያቸውን ልደት እየበሉ፣ ግጥሙን እያነበቡ ያከብራሉ። ዘንድሮ ደግሞ መሰናበቻዋም ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች። የተጠራ ሰው ሁሉ ትንሽም ብትሆን ዳማ ያለባት ጨርቅ ይልበስ ብላለች። በእነሱ ዘንድ እያንዳንዱ ዘር የራሱ ዳማ አለው፤ ሰው የማን ወገን እንደሆነ በሱ ይታወቃል።

“ይኼ የእናቴ ወገን ነው” አለችኝ። “እናቴ ናት የለበሰችው፤ ስትሞት ለኔ ቀረ። እኔ ልጅ የለኝም። ቅዳሜ ልበሺው፣ ከዚያ በኋላ ያንቺ ነው።”

ባሌ ጌታቸው ከሞተ ዘጠኝ ወሩ ነው። ሙት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይወጣል። እስከዚያ ከል ነው የምለብሰው። ቀይ ለአንገት ቀርቶ ለጥፍርም አይታሰብም።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ከሥራ ስመለስ ሣጥኔን ከፍቼ ያለኝን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረጋሁት።

ጥቁሩ ቀሚስ።
ሌላው ጥቁር ቀሚስ። ክርኑ ላይ ወደ ቡኒ ሄዷል።
የሠርጌ ጥልፍ ቀሚስ። አልገለጥኩትም፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ብቻ ነካሁት።
የዱባይ ጉርድ። አይዘጋም ብዬ ነበር፣ ተዘጋ። ከስቻለሁ ማለት ነው።
ቀዩ ሻርፕ።

ሻርፑን መስታወት ፊት አደረግሁት። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ። ፊቴ ነፍስ የዘራ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ጌታቸው ከገሳይ ወዲህ ካለው ጠመዝማዛ ከነመኪናው ገደል የገባ ዕለት፣ ከእንግዲህ ቀለም የሚባል አልለብስም ብዬ የማልኩ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። አሁን ግን ሰልችቶኛል። የሰለቸኝ ሐዘኑ አይደለም፣ ጥቁሩ ነው። ይህን ለይቶ የሚረዳኝ ሰው ግን የለም።

ዞር ስል አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ እንጃ። እማማ ከጉና ሥር ካለው አገራቸው ለለቅሶው እንደመጡ አልተመለሱም፤ ከኔና ከአራት ዓመቷ ልጄ ከህሊና ጋር ነው የሚኖሩት።

“ማን ሰጠሽ?” አሉ። ሞራግ ለቅዳሜው ራት እንደሰጠችኝ ነገርኳቸው።

ዳሩን በሁለት ጣታቸው አሹት። በግ ሲያረቡ፣ ሱፍ ሲፈትሉ ነው የኖሩት። “መልካም ሱፍ ነው” አሉ። “ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።” ይህን ብለው ወጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ሞራግን እምቢ ማለት አልችልም። ጌታቸው የሞተ ጊዜ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሰሌን ላይ ከጎኔ ተኝታለች። ቋንቋው አይገባት፣ ወገቧ ያማታል፣ ግን አልሄደችም።

እማማንም እምቢ ማለት አልችልም። ልጃቸውን ቀብረዋል። ጎረቤቱም አለ። ከጊዜው በፊት ከል ያወለቀች ሴት ሲያዩ “ባል አማራት” ነው የሚሉት። ለጥምቀት እንኳ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከአጥር ጥግ ነው ታቦት የሸኘሁ፣ እሱም ሐሜት አላጣው።

ምሳ ላይ ለትርንጎ ነገርኳት። አብራን የምትሠራ ነርስ ናት፣ ምላሷ ምላጭ ነው። “የተቀበረው ባልሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም” አለች። ከዚያ ደግሞ “ከባሕር ዳር ጉርድ ለብሶ የሚመጣ ወንድ አለ አሉ፤ እሱ እያለ ያንቺን አንገት ማን ያያል?”

ማታ ነገሩን ላቀልለው ብዬ የጉርዱን ወሬ ለእማማ አወራኋቸው።

“ወንድ? ጉርድ?”

“አዎ፣ የእነ ሞራግ አገር ወንዶች የክት ልብስ ነው።”

“ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ” አሉና ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቃቸውን ሰማሁ። ህሊናም አብራ ሳቀች። ድፍረት አገኘሁና “እማማ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ባደርገውስ?” አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። “በይ ላስብበት” አሉ።

እኔ ሠላሳ ልሞላ ምንም አልቀረኝም፤ በምለብሰው ላይ የሚያስቡት ግን እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ነከሩት።

ስገባ ትልቁ ድስት ግቢው ውስጥ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ውኃው ቀለም ነው፣ ይፈላል። እማማ በእንጨት ያማስላሉ። ልጅ ሆኜ ከል ሲነከር ብዙ አይቻለሁ። በአገራችን ሐዘን የደረሰበት ቤት አዲስ ጥቁር የሚገዛበት ካጣ ያለውን ልብስ ይነክራል። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ ልቤ ደነገጠ። የሻርፑ ዘርፍ በእንጨቱ ጫፍ ብቅ ሲል ነው የገባኝ።

“ይኸው፣ አሁን ትለብሽዋለሽ” አሉኝ። “እሷንም አላስቀየምሽ፣ ለልጄም ነውር አልሆነ።”

ከአፌ የወጣው ቃል ክፉ ነበር። “የሙት ልብስ ነው ያበላሹት እማማ። የእናቷ ነው። ሌላ የላትም።”

እንጨቱ ከእጃቸው ወደቀ። የእናቷ መሆኑን አልነገርኳቸውም ነበር። ያ የኔ ጥፋት ነው።

በቀዝቃዛ ውኃ ሰባት ጊዜ አለቀለቅኩት። ጥቁሩ አለቀቀም። ብርሃን ላይ ሲይዙት ዳማው ከሥር በጭንቅ ይታያል። ሱፉም ተኮማትሮ ለህሊና አንገት የሚበቃ ሆኗል። ሱፍ ሲፈላ እንደሚኮማተር እኔ ዛሬ ነው ያወቅሁት። እማማ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ይህን ካሰብኩ ጀምሮ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ለሞራግ አልነገርኳትም። “ለነገ ተዘጋጀሽ?” ስትለኝ እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅኩላት።

ያሰብኳቸው ውሸቶች፦
ጠፋብኝ።
ከገመድ ላይ ሰረቁኝ።
አመመኝ፣ አልመጣም።
ህሊና በመቀስ ቆረጠችው። በአራት ዓመት ልጄ ላላክክ። ይኼን ያህል ወርጃለሁ።

እማማ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ማታ ህሊናን ካስተኙ በኋላ “ነገ እኔም እመጣለሁ” አሉ።

“አልተጠሩም” አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለሽማግሌ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

“ለይቅርታ ማን ይጠራል?” አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፣ ከሰዓት በኋላ

ጥቁሩን ቀሚስ ለብሻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅሁበት ምርጫ በዚህ አለቀ። ሻርፑን በፌስታል ይዤዋለሁ።

እማማ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ እየመረጡ ነው። ትንሹን አንስተው ጣሉት፣ ተለቅ ያለውን ያዙ። ተዉ አልኳቸው፤ ፈረንጅ ይህን አያውቅም፣ ሰው ፊት አያዋርዱን አልኳቸው። አይሰሙኝም። ህሊናን ለጎረቤት ሰጥተናል።

እሑድ፣ ጥር 18

ከቅዳሴ መልስ ነው የምጽፈው። ትናንት የሆነውን ሳልረሳው ልጻፍ።

እማማ ደጅ ቀሩ፣ እኔ ገባሁ። ቤቱ ሞልቷል። የባሕር ዳሩ ሰውዬ እውነትም ጉርድ ለብሷል፣ እስከ ጉልበቱ ወፍራም ካልሲ። ትርንጎ እጇ ላይ ዳማ መሐረብ አስራለች። ሞራግ አቀፈችኝና አንገቴን አየች። እኔም አሁን ልንገራት፣ ከራቱ በኋላ ልንገራት እያልኩ ቆየሁ።

ምግባቸው መጣ። የበግ ጨጓራ ውስጥ ጉበቱንና ሳንባውን ከአጃ ጋር ጠቅጥቀው የቀቀሉት ነው። በትሪ ሲገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ያጨበጭብለታል። ትርንጎ በጆሮዬ “ሳንባ እኮ የውሻ ነው” አለችኝ። ይህን ስትል እማማ በሩን ከፍተው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው፣ ድንጋዩን ጫንቃቸው ላይ ተሸክመው።

ያገሬ ሰዎች ጭብጨባውን አቆሙ። ፈረንጆቹ ግን ለእማማም አጨበጨቡ፣ የበዓሉ አንዱ ክፍል መስሏቸው። ከዚያ የኛን ፊት እያዩ አንድ በአንድ ተዉት።

“ምንድን ነው ይኼ?” አለችኝ ሞራግ።

ፌስታሉን ሰጠኋት። አወጣችው። እስክታውቀው ጊዜ ፈጀባት። ወደ ብርሃኑ ይዛው ዳማውን ፈለገች፤ ከዚያ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። የሚሸተው ቀለም ብቻ ነበር። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ የተበደለው ካላወረደለት እንደማያወርድ ነገርኳት።

“ለምን እንዳደረጉት ጠይቂልኝ” አለች።

ጠየቅሁ። እማማ መሬት መሬቱን እያዩ “እንደምናገረው አድርገሽ ንገሪያት” አሉኝ።

“ለልጄ ክብር ነው ብዬ ነበር። ሐሰት ነው።” ተረጎምኩ።

“ሱፍ ሲፈላ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የእናቷ መሆኑን አላወቅሁም እንጂ፣ እንደማትለብሰው አውቄ ነው የከተትኩት።” ተረጎምኩ።

“መስታወት ፊት አየኋት። አምሮባት ነበር። ከሉን ካወለቀች እኔ ዘንድ የሚያስቀራት ምን አለ አልኩ። ልጄ ሄደ። የልጄን ልጅ ይዛ እሷም ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።”

ይኼን አልተረጎምኩትም። አፌን ከፈትኩ፣ እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ስንቱን ምጥ የተረጎምኩ ሴትዮ፣ አለቀስኩ። ትርንጎ ናት በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ የጨረሰችልኝ።

ሞራግ ወደ እማማ ሄዳ ድንጋዩን በአንድ ወገን ያዘች። አላነሳችውም። ሌላውን ወገን በአገጯ እያሳየች እኔን ጠበቀች። እጄ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ሁለት ሆነን አወረድነው። “‘ይቅር ለእግዜር’ በያቸው” አልኳት፣ በዚያ ኮልታፋ አማርኛዋ አለች። እማማ ቀና ሲሉ ወገባቸው እምቢ አላቸው፣ ጉርድ የለበሰው ሰውዬ ነው ደግፎ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው።

ሻርፑን ሞራግ ያዘችው። ስንወጣ እንኳ አልሰጠችኝም። ያንቺ ነው ብላኝ ነበር፣ አልፈረድኩባትም። እኔን ግን አጥብቃ አቀፈችኝ።

መንገድ ላይ እማማ ክንዴን ይዘው ሲሄዱ “የትም አልሄድም” አልኳቸው። እውነቴን ይሁን አይሁን እንጃ። እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አልሄድም ብዬም አስቤ አላውቅም። እሳቸው ክንዴን አልለቀቁም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የንስሐ አባታችንን ጥግ ይዘው ሲያናግሯቸው አየሁ። ከል በቤተ ዘመድ ነው የሚወልቀው፤ አዲሱንም ልብስ ቤተ ዘመድ ነው የሚያለብሰው። ተመልሰው መጡና “ሚያዝያን አንጠብቅም” አሉኝ። “የፊታችን እሑድ አባታችን ይመጣሉ። ገበያ ወርጄ ቀሚስ ልግዛልሽ፣ ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ?”

ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ የለም። ቆሜ ቀረሁ፣ አንድም ቀለም አፌ ላይ አልመጣልኝም። እስከ ገበያ ቀን ላስብበት አልኳቸው።

“አስቢበት” አሉ። “እኔም እስከዚያው ልልመደው።”