የአፍሪካን ካርታ በግድግዳችን ላይ ለቀቡት ለመምህርት ወለተ ሰንበት አለበል የወጣ የሐዘን መግለጫ

በሉማሜ የገበያ ማዶ ትምህርት ቤት ከ1966 እስከ 2005 ዓ.ም. ታሪክ ያስተማሩት መምህርት ወለተ ሰንበት አለበል ባደረባቸው ሕመም ደብረ ማርቆስ ሲታከሙ ቆይተው በ72 ዓመታቸው አርፈዋል። የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ በብርቱ አዝኗል።

መምህርቷ አምበር ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ ሥራ በጀመሩ በዓመቱ የአዳራሹን የውጭ ግድግዳ በኖራ አስቀብተው የአፍሪካን ካርታ ነደፉበት። በቅኝ ግዛት ሥር ያሉት አገሮች ነጭ እንደሆኑ ተተዉ። አንዱ ነፃ ሲወጣ ቀለም ይቀባል፤ እርሳቸውም ድፎ ዳቦ ጋግረው ይመጣሉ፣ ተማሪው ይቆርሳል። ማዳጋስካር ከልክ በላይ መስፋቷን የጂኦግራፊ ክፍል ደጋግሞ ቢያሳስብም እስከ ዛሬ አልታረመም።

ሞዛምቢክ በ1967፣ ዚምባብዌ በ1972፣ ናሚቢያ በ1982 ዓ.ም. በዚሁ ደንብ ተቀቡ።

በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። የመምህርቷ ታናሽ ወንድም ታረቀ አለበል በ1974 ዓ.ም. በናቅፋ ግንባር ወድቆ አስከሬኑ ሳይመለስ ቀርቷል። ካርታው ይቀባ አይቀባ በሚለው መምህራን ተከፋፈሉ፤ የገዛ ቤትን ግድግዳ እንደ ማፍረስ ነው ያሉም ነበሩ። የወቅቱ ርዕሰ መምህር አቶ ይሄይስ «እትዬ፣ ይህችንስ ይለፏት፤ ማንም አይፈርድብዎትም» ቢሏቸው፣ «ሞዛምቢክን ስቀባ ፖርቱጋል አገር ወንድሟን የምታለቅስ እህት አትጠፋም ነበር፤ እኔ ግን ዳቦ አስቆርሻለሁ» ሲሉ መልሰዋል። በማግስቱ ጥቁር ለብሰው መሰላል ላይ ወጡ፤ ድንበሩን አስምረው ኤርትራን ለብቻዋ ቀቡ። ዳቦውንም አምጥተው አስቆረሱ፤ እርሳቸው ግን አልቀመሱም።

ደቡብ ሱዳንን የቀቡት በ2003 ዓ.ም. ክረምት ነው። ተማሪ ስላልነበረ ዳቦውን የጥበቃ ሠራተኛው አቶ ጌቱ ብቻቸውን ተረክበዋል።

በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር ትምህርት ከተቋረጠ በኋላም፣ ጡረታ ላይ ሆነው የጎረቤት ልጆችን በቤታቸው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው አምበር ሲፈጸም መንገድ በመዘጋቱ አብዛኞቹ ባልደረቦቻቸው መድረስ አልቻሉም፤ ይህም ሐዘናችንን አክብዶታል።

ትምህርት ቤቱ ለእህታቸው ለወይዘሮ አለሚቱ አለበል፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ታረቀ አለበል ሲወድቅ ቤተሰቡ መርዶውን የሰማው ከጦር ጓዶቹ አፍ ነበር፤ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የሐዘን መግለጫ አልወጣለትም። በመሆኑም ይህ መግለጫ ለእህትና ለወንድም፣ ለሁለቱም እንዲሆን ተወስኗል።

የገበያ ማዶ ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ
ሉማሜ፣ 2017 ዓ.ም.