የሁዘይፋ ጡሩምባ

ይድረስ ለእህቴ ለመርየም፤ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም። እንዴት ነሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እናታችንም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት እየፈጀኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ታናሻችን ሁዘይፋ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል፤ ስለዚህ ይህን ወደዚያ በሚመጣው በሚስባህ እጅ ልኬልሻለሁ።

ታናሻችን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሆነ። ደውለሽ እንኳን ደስ ያለህ ስትይው ሰምቻለሁ። እኔንማ ማን ጠየቀኝ! አባታችን የቀብር መረዳጃችን የቅሬው ዳኛ ሳሉ ያ ልጅ ጡሩምባ እየነፋ ቀብር ሲለፍፍ ትዝ ይልሻል? ለካ በየደጁ ሲዞር የሰዉን ችግር ሲለቅም ኖሯል። አባታችን ሲሞቱ ዳኝነቱ ለእኔ ለታላቁ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰዉ እርሱን መረጠ። እርሱም የላይኛውንና የታችኛውን ሰፈር ቅሬ አንድ አደረገ፣ ሼሁንም ቄሱንም አስከትሎ ለውሃ ደጅ ጠና፣ ቧንቧው ገባ፤ ይኸው ሹም ሆነ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ሰው፤ እርሱስ አላጣም፣ እኔ አለሁለት።

ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። የመንግሥት ሹመት ያለው ሰው የቅሬ ዳኛ አይሆንምና ቦታው ክፍት ነበር። ስሜን የሚጠራ ሰው ስጠብቅ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ተጠራሁም፤ ማን ቢጠራኝ ጥሩ ነው? ራሱ ሁዘይፋ! ከእኔ ይልቅ ወንድሜ ሙዓዊያ ይሻላችኋል አላቸው፤ ሰዉም አበጀህ አለው። ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁትን እርሱ ሊመጸውተኝ! ብድግ ብዬ ወላሂ አልፈልግም አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወላሂ ብያለሁና መመለሻ የለኝም።

ዳኝነቱ ለጋሽ ገብረ ማርያም ሆነ። ሲመርጡት እምቢ ያለ ደግሞ ቅጣት እንዳለበት ታውቂያለሽ። ጋሽ ገብረ ማርያም ሳቃቸውን እየዋጡ ዓመቱን ጡሩምባ ነፊ እንድሆን ፈረዱብኝ። ያቺኑ የሁዘይፋን ጡሩምባ! ራሱ ከቤቱ አምጥቶ፣ አቧራዋን በሽርጡ ጠርጎ ሰጠኝ፤ አነፋፏን ላሳይህ ወይ አለኝ ደግሞ። እርር ድብን አልኩ። እናታችን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ትናንት ቀብር ነበርና ወጥቼ ነፋሁ። እታለም፣ ሰው በየበሩ ያስቆመኛል። አንዷ ጎርፍ ግድግዳዬን ሊጥለው ነው ትላለች፤ ሌላው የመንገዱ መብራት ከጠፋ ከረመ ይላል። እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

ለባለቤትሽ ለሰይድና ለልጃችሁ ለፈትሂያ ሰላም በይልኝ። እናታችን ዱዓ እያደረገችልሽ ነው። የሁዘይፋን ሰላምታ ራሱ ያድርስ። ስትደውዪ መጀመሪያ እኔን ጥሪ። ይህን ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ፤ እርሱም የጀመረው ከጡሩምባዋ ነው።

ወንድምሽ ሙዓዊያ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.