ከኩላሊት ክፍል የተነሳው ማሽን

ረቡዕ ጠዋት፣ መጋቢት 11 ቀን

ለባሌ፤

አዎ፣ ለባሌ ነው ያልኩት። እህትህ ደብዳቤውን ቀድማ ትከፍተዋለች፤ አውቃታለሁ። ለእሷም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንብባ ስትጨርስ እንኳ መልሳ አሽጋ ትስጥህ።

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት መስላለች፤ "አባዬ ሳያየኝ እንዳይበቅልብኝ" ትላለች። እኔ ሁለት መስመር ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም። እንዳልደውልልህ፣ ገና "ሃሎ" ስትል አልቅሼ እንደምዘጋው አውቃለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለህ ተቀመጥና አንብበው። ሳታውቅ ስምህን አጥፍቼዋለሁ። እንዴት እንዳጠፋሁት ልንገርህና ከዚያ በኋላ ወይ ትመጣለህ፣ ወይ እዚያው ትቀራለህ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሆስፒታሉ ዘበኛ ደወለልኝ። "እትዬ፣ ቶሎ ድረሺ፣ ማሽንሽ ጉድ አፍልቷል" አለኝ። የብስኩትና የመጠጥ መሸጫ ማሽናችን ሳንቲም መክተቻ ላይ ልጆች እንደ ልማዳቸው ማስቲካ ለጥፈውበት ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት። ምነው ማስቲካ በሆነ! እዚያ የኩላሊት ሕሙማን ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ስገባ፣ አንድ አዛውንት ከማሽናችን የገዙትን ብስኩት መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ብስኩቱ ይንቀሳቀሳል። ነጭ ትል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከክሬሙ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ዞር ዞር ትላለች። ከሥሯ ሌሎችም አሉ። አዛውንቱ አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። "ግማሹን ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ" አሉኝ ብቻ። ሚስታቸው ከእጥበት ገና ወጥተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሞላሁት የሰነበተውን ማሽን ከፈትኩት። ኤጭ! አንተ ከሄድክ ወዲህ ማቀዝቀዣው ሲያንገራግር ነበር፤ ለወንድሜ ስነግረው "አሠራዋለሁ" እያለኝ ከረመ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው የወተት መጠጥ እንደ ኳስ ተነፍቷል፤ ሁለቱ ፈንድተው፣ የፈሰሰው ቢጫ ሆኖ ዕቃ የሚገፋው ጠመዝማዛ ሽቦ ላይ ተጋግሯል። ሞተሩ ሥር ሙቀት ፈልጎ የተሰበሰበው በረሮ ብርሃን ሲያይ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ አንዱ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ሽታውን ተወው። ጓንት አጥልቄ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ፣ ተንበርክኬ ስጠርግ ያ ሁሉ ሕመምተኛ ያየኛል። ከኋላዬ አንዲት ሴት "እኔ ለልጄ ስገዛ የከረምኩት ከዚህ ነው?" አለች። ዞሬ ሳላያት መጥረጌን ቀጠልኩ።

ቤት ስገባ ሽቶ ሳሎን ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ወንድሜን ሽቶ ስትለው እቆጣህ ነበር፤ ይኸው ዛሬ እኔም ብየዋለሁ። ያ ሽቶው ካፍንጫዬ ካልወጣው የወተት ግማት ጋር ተቀላቀለ።

"ብስኩቱ ውስጥ ትል ተገኘ" አልኩት።

"ትል ፕሮቲን ነው" አለኝና ሳቀ። መብላቱን እንኳ አላቋረጠም፤ እግዜር ያሳይህ!

"ለሕመምተኛ እኮ ነው የሸጥነው!"

"ሞቱ እንዴ?"

"አልሞቱም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? የማብቂያ ቀን ማለት እኮ የታተመ ቁጥር ነው። ብስኩት ቁጥር አንብቦ አይበላሽም።"

ዕቃ ቤት ገብቼ ከዚያው ካርቶን አንድ ፓኬት አውጥቼ ቀደድኩና ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩለት። "እንግዲያው ብላ" አልኩት። "ከምሳ በኋላ ጣፋጭ አይስማማኝም" አለኝ። "አንዲት ብቻ፣ ለእህትህ ስትል።" ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገውና ጣቱን በሶፍት ጠረገ። ያን ጊዜ ጠላሁት። አዝዬ ያሳደግኩትን፣ አፍንጫውን ስጠርግ የኖርኩትን ወንድሜን ጠላሁት። ሰው እንዴት ራሱ ለመንካት የተጸየፈውን ለታመመ ሰው ይሸጣል? ቱ! እንዲህ ያለ ሰው ከእናቴ ማህፀን ወጣ ብዬ ማሰቡ ራሱ ዘገነነኝ።

አንተማ ከየካርቶኑ አንድ እየከፈትክ ሳትቀምስ ማሽን ውስጥ አታስገባም ነበር። "ራሴ ያልበላሁትን ለሰው አልሸጥም" ስትል ሽቶ "ይሄ ሆዳም፣ ዕቃውን ጨረሰው" ይልሃል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ያን ከቤት የወጣህ ቀን ዋፈሩን ነክሰህ የተፋኸው፣ ፓኬቱን ገልብጠህ ስታይ የማብቂያ ቀኑ በአሴቶን ተፍቆ ነጭ ሆኖ ያገኘኸው በዚሁ ልማድህ ነው። ዕቃ የሚያመጣልን ሽቶ ፊታችን ቆሞ "ራሱ ነው የፋቀው፣ እኔን ከሥራው ሊያስወጣኝ" አለ። አንተ እሱን እንኳ አላየኸውም፤ ወደ እኔ ዞረህ "አንቺ ማናችንን ታምኛለሽ?" አልከኝ። እኔስ ምን አልኩህ? "ወንድሜ ላይ አትድረስ! ከቻልክ ተቀመጥ፣ ካልቻልክ በሩ ክፍት ነው።" ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ በመስኮት አይቼሃለሁ፤ መንገዱን እስክትሻገር ድረስ ቆሜ ነበር።

አሁን የምነግርህን እማዬም አታውቅም። ያን ቀን እውነቱን አውቅ ነበር። የሽቶ ክፍል አሴቶን አሴቶን ሲሸት "ኩቴክስ መቀባት ጀመርክ እንዴ?" ብዬ ቀልጄበት ነበር እኮ! ደግሞስ ማሽኑን የምሞላው ማነው? እኔ አይደለሁም? ነጭ የሆነውን ቦታ በዓይኔ እያየሁ፣ በመስታወቱ እንዳይታይ የተፋቀውን ጎን ወደ ኋላ እያዞርኩ፣ እያንዳንዷን ፓኬት ሽቦው ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ። በዚህ ደብዳቤ በምጽፍበት እጄ። አንዳንዴ ሳዞራቸው ለራሴ "ሲደረደር እንዲያምር ነው" እለው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይሄ ነው። ሽቶን ተጸየፍኩ ብዬ ስነግርህ እኔ የተሻልኩ እንዳይመስልህ።

ይህም አልበቃኝም። ሐሙስ ዕለት ሲስተር ቢሮዋ አስጠራችኝ። ያቺን የክፍሉን ኃላፊ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥለዋን ታውቃታለህ። "ይህን ነገር ያደረገው ማነው?" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ማሽኑ ከሆስፒታሉ ከተነሳ ሌሎቹ ማሽኖቻችን ያሉባቸው ቦታዎችም ሰምተው እንደሚያስነሱን አሰብኩ። ሽቶ እስር ቤት ሲገባ፣ እማዬ ደረቷን ስትመታ ታየኝ። እና ምን አልኳት መሰለህ? "ባለቤቴ ነበር ዕቃውን የሚያመጣው። ስደርስበት አባረርኩት፤ አሁን ከእኛ ጋር የለም" አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። እሷም "እንግዲያው በደንብ ይጽዳና ይቆይ" አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ፤ አመስግኛት! ኮሪደሩ ላይ ባለው ቧንቧ እጄን ታጠብኩ፣ ቤት ገብቼ ደግሜ በበረኪና ታጠብኩ። የወተቱ ሽታ ነው አልለቅ ያለኝ ብዬ ነበር። አይደለም፤ ራሴን ነው የቀፈፈኝ።

ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት አደረስኩና በዚያው ሆስፒታል ሄድኩ። በሯን ሳላንኳኳ ገብቼ "ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሴቶኑን፣ ወንድሜን፣ ፓኬቶቹን እንዴት እንዳዞርኩ። "ባሌ ይሄን ነገር ፈጽሞ አላደረገውም። እሱ ነው ያስጠነቀቀኝ፤ በዚህ ምክንያት ነው ያባረርኩት" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ቆይ እንጂ" አለች። "ማክሰኞ ዕለት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ስደውል ያነሳው ባለቤትሽ ነው። የሆነውን ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዕቃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ የምታውቀው ነገር የለም፤ እባካችሁ እሷን አታስቀይሟት' አለኝ። ሐሙስ አንቺም እሱን ስትከሺው የሁለታችሁ ቃል ገጠመልኝና አመንኩ። ማሽኑን የተውኩልሽም ለዚያ ነው።"

ሕመምተኛ የምታስቀምጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ? ከገዛ ቤትህ ያስወጣሁህ፣ አራት ወር ሙሉ እንዴት ነህ ያላልኩህ ሰውዬ፣ እኔን ለማዳን ዋሸህ። እኔ ደግሞ ራሴን ለማዳን ባንተ ላይ ዋሸሁ። ማን ለምኖህ ነው? ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። እንደ ሰው ብትሰድበኝ፣ "እሷን ጠይቋት" ብትል ምን ነበረበት? እዚያው ሲስተር ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ውሃ ቀዳችልኝ። "ሁለታችሁም ዋሽታችሁኛል" አለችኝ፣ "ግን እሱ ይመለስ፣ ማሽኑ ይነሳ።"

ማሽኑ ትናንት ተነሳ። አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡት የነበረበት ቦታ ወለሉ ጠቁሮ ቀረ፤ እሱንም ፈግፍጌ ነው የወጣሁት። ብስኩቱን ለበሉት ለእኒያ እናት የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም። "ትሉ ትንሽ ስለነበረ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ትልቅ ቢሆን ግን አልምርሽም ነበር" አሉኝ። ሳቅኩም አለቀስኩም። የሌሎቹንም ማሽኖች ሶኬት ነቅዬ፣ በውስጣቸው ያለውን አንድ ሳላስቀር አውጥቼ ጣልኩ። በየቦታው ጥፋቱ የወንድሜና የኔ እንደሆነ፣ ያንተ እንዳልሆነ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ሁለቱ ቦታዎች "አንሺልን" ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሽቶ እማዬ ጋ ገብቷል። ሲስተር ለጤና ቁጥጥር አመልክታለች፤ ሲጠሩን እኔም እሱም እንቀርባለን። እማዬ "ለአንድ ብስኩት ብለሽ ወንድምሽን አሳልፈሽ ሰጠሽ" ብላ ስልኬን አታነሳም። ታኩርፍ፤ ባሌን አሳልፌ ስሰጥ ማንም አላኮረፈኝም።

ባለፈው በእህትህ በኩል የመሣሪያ ሳጥንህን በአውቶቡስ እንድልክልህ ጠይቀህ ነበር። አልልክም። አንደኛ ይከብዳል። ሁለተኛ ዕቃ ጫኙ ይሰርቀዋል። ሦስተኛ ቁልፉ የት እንደገባ አላውቅም። ምክንያት ስፈልግ አምሽቼ ስድስት አገኘሁ፤ ሌሎቹን አልጽፋቸውም። ከፈለግከው ራስህ መጥተህ ውሰደው። እሱን ብቻ ይዘህ ለመመለስ ከመጣህም አልከለክልህም፤ ብቻ ቀስ ብለህ፣ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አይተህ ውሰድ።

ወገብህን ያጽናልህ፣ በምትሄድበት ሁሉ ሰው ይውደድህ። የዋሸህልኝን ውሸት ፈጣሪ እንደ ጽድቅ ይቁጠርልህ፤ የኔን ግን ለእሱ አልሰጥም፣ አንተው ፍረደው።

ያባረረችህ ሚስትህ