አባትህ የቀዳው ድምፅ

ልጄ፣ እንዴት ነህልኝ? የወጣህበት መንገድ በሰላም ይመልስህ። ብርድ እንዳይመታህ ሹራብህን ደርብ። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ጣሪያው ተጠግኗል። እህትህም ሥራዋን ጀምራለች። የአባትህን የስፌት መኪና በአንሶላ ሸፍነነዋል።

ነፍሱን ይማረውና አባትህ፣ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የደንበኞቹን ልክ በስልኩ እየቀዳ ወደ ኮምፒውተሩ ይልክና ከስልኩ ያጠፋው እንደነበር ታውቃለህ። «ትከሻ አርባ ስድስት፤ ወገቡን ተዪው፣ ቦርጩ ገና እያደገ ነው» ይለኛል፤ የእኔም ሳቅ አብሮ ተቀድቷል። ከቀብሩ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያን ድምፅ ከፍቼ ነበር ከአልጋ የምነሳው።

ባለፈው ሰሞን ኮምፒውተሩ ሞላሁ ብሎ አልሠራም አለ። እህትህ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። «እማማ፣ አይጨነቁ፤ የማጠፋው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ነው» አለኝ። ከሚጠፉት ጋር ዳውንሎድ የሚባለውንም ማስቀመጫ ውስጡን ሳያይ ምልክት አድርጎበት ኖሮ አብሮ ጠፋ። አባትህ ድምፁን የሚያኖረው እዚያ ነበር።

ጠጋኙ ሲነገረው ሮጦ መጣ፤ ላብ እስኪያጠምቀው ፈለገ፤ አልተገኘም። አልተቆጣሁትም። ምን ይጠቅመኛል? ኮምፒውተሩ አሁን ፈጣን ነው፤ ብዙ ባዶ ቦታም አለው። ምን ላስቀምጥበት ልጄ?

ምናልባት አባትህ የላከልህ ድምፅ ስልክህ ላይ ካለ፣ ተቆጥቶህም ቢሆን፣ ላክልኝ። ስልክህ ሞላሁ ቢልህ ሌላውን አጥፋ፤ እሱን አደራ እንዳትነካ።

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም፤ ደግ ሰው ያጋጥምህ።

እናትህ