የእናቶች ቁመት

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሀርሜ እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የአባባስ ሳል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የዚህ የየቡ ከተማ ጭቃ ጫማዬን ከመጨረሱ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። ደብዳቤው በታመነ ሰው እጅ ስለሚደርስሽ እንደ ልቤ ጽፌዋለሁ፤ እህቴ ባህሪያ ብቻ ታንብብልሽ።

ያየሁትን ላንቺ ካልነገርኩ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!

የመጣሁበትን ሥራ ታውቂዋለሽ። የዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጡን ትተው፣ ልጆቹ አንድ ሥራ ይዘው እየሠሩ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ከዚያው እንዲያወጡ አድርገው እንዲያስተምሩ ማገዝ ነው። ለአፍ ቀላል ነው! የሒሳቡ መምህር ጋሽ ጎሳዬ፣ ጠመኔ ይዘው የሸበቱ ሰው፣ አንቺ ልጅ ከሰሌዳዬ ልታፋቺኝ ነው ወይ የመጣሽው እያሉ ስንት ጊዜ ፈተኑኝ። በመጨረሻ እሺ ሲሉኝ የመጀመሪያውን ሥራ እኔው መረጥኩ። ስድስተኛ ክፍሎች እርስ በርስ ቁመታቸውን ይለኩ፣ ግድግዳው ላይ ያስምሩ፣ ስም ይጻፉ፣ አማካዩን ያውጡ አልኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

በማግስቱ ከረዣዥሞቹ ወንዶች አንድም አልመጣም። ቀጥሎ አጫጭሮቹም ቀሩ።

ለካ ወንድ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ፣ በሜትር ተለክቶ ስሙ ሲጻፍ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና። ልደቱ ላልተጻፈ ልጅ ዕድሜው ቁመቱ ነው። ቤተሰቦቻቸው ቡና ጫካ አስገብተዋቸዋል። የጅማ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኞች ናቸው፤ እንደወጡ ከቀሩ የስድስት ዓመት ልፋታቸው ገደል ገባ ማለት ነው። ጋሽ ጎሳዬ አልተቆጡኝም፤ ወደ ሰሌዳችን እንመለስ ብቻ አሉ። እሱ ከቁጣ ባሰብኝ።

ከዚያ ሐጂራ የምትባል ሴት፣ የክፍሉ አንደኛ የሙሐዲን እናት፣ ግቢው ድረስ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ልኬቱ ለትምህርት ብቻ ነው ወይ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። ወላሂ ለትምህርት ብቻ ነው አልኳት። እንግዲያው እኛን ለኩን፣ አሮጊት የሚያዘምት የለም፣ ልጆቹም ይማሩ ብላኝ ሄደች።

በነጋታው፣ ሱብሐነላህ! ግቢው በእናቶች ሞልቶ ጠበቀኝ። የቡና ለቀማ ቅርጫታቸውን በር ላይ አስቀምጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል። አንዷ ተረከዟን ስታነሳ ሌላዋ ኧረ አትስረቂ እያለች ትጮህባታለች። መጀመሪያ ሴት ልጆቻቸው ለኳቸው። ረፋዱ ላይ ወንዶቹ ከቡናው ሥር አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ፤ እናቱ ስትለካ ሳያይ የሚቀር ማን ነው? ሙሐዲን ሜትሩን ተቀበለ። እናቱን በአንድ ጋት መብለጡን ያኔ አወቀና ድንግጥ ብሎ ቆመ። ጋሽ ጎሳዬማ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ረስተው፣ ስንት ሆነ፣ ደግመህ ለካ እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጡ ዋሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

አንዲት እናት ግን የሚለካት አጥታ ቆመች። ልጇ አስመራ ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። እኔ ለካኋት። ሜትሩ ራሷን ሲነካት ዓይኗን ጨፍና፣ ልጄ ቀስ በይ አለችኝ። አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም።

ወንዶቹ ክፍል ተመልሰዋል። ቀን ይማራሉ፤ ማታ የት እንደሚያድሩ አልጠይቅም።

ባለፈው ባስጻፍሽልኝ ደብዳቤ አብዱልፈታሕ ሱሪው ሁሉ አጠረበት፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ጀመረ ብለሽ ተደስተሻል። እማዬ፣ ወንድሜን ላኪልኝ። ጁምዓ ሳይደርስ ይሳፈር። ሰው ከጠየቀሽ ለቡና ለቀማ ሄደ በይ። ትምህርቱን እዚሁ ይቀጥላል። ሐጂራን አነጋግሬያታለሁ፤ ከሙሐዲን ጋር ያድራል።

አላህ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝመው፣ ቤታችንን ከክፉ ዓይን ይሰውረው። አሚን።

ዱዓሽን የምትናፍቅ ትልቋ ልጅሽ