በረንዳህን በመጋዝ ቆርጬዋለሁ

ለወንድሜ ለራስል፣
ካልጉርሊ

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ? ያ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የተጎዳው ትከሻህ ተሻለው? ጃኔል ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እዚህ እማዬም እኔም አለን፣ ውሻውም አለ፣ ውርጩም እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎ ይጠብቀናል። እንግዲህ ሰላምታው ይብቃ። እማዬ «ሰላም ሳትይው ደብዳቤ እንዳትጀምሪ» ስላለችኝ ነው እንጂ የእኔ ሆድ ዛሬ ለሰላምታ ቦታ የለውም። ሰባት ወር ሙሉ ሳልጽፍልህና ሳልደውልልህ ከርሜ ዛሬ ብዕር ሳነሳ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። ደሜ ፈልቶ ነው።

የእማዬ ገንዳ እያፈሰሰ ነው። አዎ፣ አባዬ ከተዘጋው ሆቴል በተጎታች ጭኖ ያመጣው፣ ካንተ ሚስት በዕድሜ የሚበልጠው የሙቅ ውሃ ገንዳ። አንተ ሩቅ ስላለህ ላታውቅ ትችላለህና ልንገርህ፤ እማዬ ጠዋት ሃያ ደቂቃ እዚያ ውስጥ ካልተቀመጠች ዳሌዋ አይታዘዝላትም። ከተቀመጠች ግን ራሷ ለብሳ፣ ራሷ እሳት አቀጣጥላ፣ ዶሮዎቿን ሰድባ ነው ቀኗን የምትጀምረው። ውሃው ሲጎድል እየጨመርንበት ትንሽ ቀናት ገፋን፤ ከዚያ ውሃ የምንሞላበት ጎማ በውርጭ በረዶ ሠርቶ ተዘጋ፣ ማሞቂያውም ውሃ ሲያጣ ራሱን አጠፋ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ፣ ካልሲዋን የማለብሳት እኔ ነኝ። እማዬ ካልሲዋን ሰው ሲያለብሳት አይተሃት ታውቃለህ? እኔን አታየኝም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው።

ይህም አልበቃ ብሎ የፊታችን ሐሙስ ነርሷ ትመጣለች። በየዓመቱ እየመጣች «ከወንበር ራሷ ትነሳለች ወይ? ብቻዋን ትለብሳለች ወይ?» ብላ መዝግባ የምትሄደው። እማዬ እንዲህ ሆና ካየቻት ወረቀቱ በቀጥታ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ነው የሚሄደው። ደስ አይልህም? አንተ ለገና መጥተህ ያልከው ሊሞላልህ ነው!

እስቲ ገናውን ላስታውስህ። አራት ቀን ሙሉ ገንዳው ዙሪያ የጣውላ በረንዳ ልትሠራ ስትለካ፣ ስትቆርጥ፣ ስትመታ ዋልክ። እማዬ በሻይ እየተከተለችህ «የልጄን እጅ እዩልኝ» ስትል መንገደኛው ሁሉ ሰማ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ የበጉ ጥብስ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ «እማዬ መጦሪያ ብትገባ ለሁላችንም አይሻልም?» አልክ። በቀን በረንዳ እየሠራህላት፣ ምሳ ላይ ከቤቷ ታስወጣታለህ! ለሁላችን የምትለው ማንን ነው? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ውጣልኝ አልኩህ። «የአንድ ቀን ሥራ ቀርቶኛል» ስትለኝ፣ ሥራህም ይቅር አልኩህ። በማግስቱ ሄድክ። በደንብ ነው የማስታውሰው፣ አልጸጸትም።

አሁን የሚያንጨረጭረኝ ምን መሰለህ? ያ የተመሰገነ የጣውላ በረንዳህ ገንዳውን እስከ ከንፈሩ ውጦታል። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ እንኳ የለውም! ከታች ቧንቧ አለ፣ ፓምፕ አለ፣ አንድ ቀን ይበላሻል ብሎ ማሰብ ምን ያህል ከባድ ነው? አሌክሳንድራ ከተማ ያለውን የገንዳ ጠጋኝ ደወልኩለት። «መክፈቻ አለው?» አለኝ። የለውም ስለው በሳቅ ሞተ። «ታዲያ ሆዱ በሲሚንቶ የተለሰነ በሽተኛ ነው እንዴ የምታሳዪኝ? መጀመሪያ መግቢያ አብጂ፣ ከዚያ ጥሪኝ» ብሎ ዘጋው። በአንተ ሥራ እኔ ተሳቀብኝ።

ስለዚህ ጎረቤታችንን ኢወንን ጠራሁት። ዕድሜውን ሙሉ የከብት ማለቢያ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፣ ገንዳ አያስፈራውም። «አትንኪው፣ ዝም ብሎ ይፍሰስ፤ መጉደሉን የሚያቆምበት ቦታ ራሱ ይነግርሻል» አለኝ። እውነትም ውሃው ወርዶ ወርዶ ከታችኛው ረድፍ፣ ውሃ ከሚተፉት ቀዳዳዎች አጠገብ ሲደርስ መጉደሉ ቀስ አለ። ከዚያ ከእማዬ ቁም ሳጥን ለኬክ የምትጨምረውን ቀይ ቀለም አምጥቶ በየቀዳዳው አፍ አንድ አንድ ጠብታ ጣል አደረገ። የሌሎቹ ዝም ብሎ ተንሳፈፈ። እማዬ ጀርባዋን የምታስደግፍበት ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ቀለሙን እንደ ክር ስቦ ዋጠው። ከዚያች ቀዳዳ ጀርባ ነው ቧንቧው የተበሳው። የበሳውም በረንዳውን ስትገጥም የሰደድከው ያንተ ብሎን ነው፤ እናቴን ይንሳኝ!

እማዬ «ራስልን ደውለሽ ጠይቂው» ትላለች። ዘጠኝ ቀን፣ በቀን በቀን። እኔ ደግሞ እሱን ከምጠይቅ መጋዙን እጠይቃለሁ ብያታለሁ። ነገ ሰኞ እቆርጠዋለሁ። ብሎንህን ሳገኘው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፖስታ ውስጥ ከትቼ እልክልሃለሁ፣ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠህ እያየኸው ምሳህን ብላ።

ዓርብ።

ከላይ ያለውን አልቀደድኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እዚህ ቤት ሁለቱም አሉ። እንዳለ አንብበው፣ ግማሹ ስድብ አሁንም ይገባሃል።

ሰኞ ጠዋት ቆረጥኩት። ስድስት ጣውላ። እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ በወጥ ቤቱ መስኮት ታየኛለች። ቀዳዳው ትከሻዬን የሚያስገባ ሲሆን በሆዴ ተሳብኩ። ኢወን ከውጭ ቆሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ከተጣበቅሽ እኔ አልጎትትሽም፣ ለእሳት አደጋ ደውዬ ቁጭ ብዬ ነው የማይሽ» ይለኛል። የእጅ ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ፣ ጭቃው በሸሚዜ እየገባ ገንዳው ሥር ዞርኩ። ለሙቀት የተነፋውን ፎም በዳቦ ቢላዋ እየፋቅኩ አወጣሁት፤ ውሃ ጠጥቶ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። ቧንቧው ጋ ደረስኩ።

ብሎን የለም። አንድም። ዙሪያውን በጣቴ ዳስሼ ዳስሼ አጣሁት። የነበረው የአባዬ ሥራ ነው። ድሮ ቧንቧው ሲሰበር ከከብት ማለቢያ ማሽን ጎማ ቁራጭ ቆርጦ አልብሶ፣ በሁለቱም ጫፍ በአጥር ሽቦ ጠምዝዞ አስሮታል። ሃያ ምናምን ዓመት ይዞ ኖሮ አሁን በስብሶ ተሰነጠቀ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖልሃል ነገሩ፤ የአባዬን ጎማ ባንተ ብሎን ሳሳብብ ነው የከረምኩት። እሺ፣ ይህን አምኛለሁ።

አንገቴን ላሳርፍ ብዬ በጀርባዬ ተገለበጥኩ። ባትሪው ወደ ላይ ሲያበራ ማጠፊያ አየሁ። ሁለት የናስ ማጠፊያ። በር ነው! ከላይ መገጣጠሚያው እንዳይታይ አድርገህ የሠራኸው፣ ልክ ከአባዬ ጎማ አናት ላይ ያለ በር። የበሩ ሆድ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ በዚያ የዶሮ ጭረት በሚመስል ጽሕፈትህ እንዲህ ይላል፦ «ኖሊን፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ በግራሽ ነው። የአባዬ ጎማ ክረምቱን አይዘልቅም፣ ልቀይረው ነበር፣ ቀን አላገኘሁም። ዕቃው እዚሁ ተሰቅሏል። ጀርባሽን ጠብቂ።» አጠገቡ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ቧንቧ፣ ሁለት ማያያዣና አንድ ጣሳ ማጣበቂያ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ምን እንደተሰማኝ አልነግርህም። በሁለት እግሬ በሩን ወደ ላይ ረገጥኩት። ለካ እማዬ ሦስት የአበባ ማሰሮ ደርድራበታለች፤ ሦስቱም ተሽቀንጥረው አንዱ የኢወን ጫማ ላይ ተሰበረ። ሰውየው ከመሬት ውስጥ ጭቃ የለበሰች ሴት እያለቀሰች ስትወጣ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ኢወን ፊት አስለቀስከኝ፣ ይህን ደግሞ እንዴት ይቅር እልሃለሁ?

ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ታውቂ ነበር? አልኳት። «አሳምሬ» አለችኝ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። «ዘጠኝ ቀን ራስልን ጠይቂው አልኩሽ። ቀላል ነገር ነው፣ ስልክ ማንሳት። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ አንቺ ስድስት ጣውላ ዋጥሽ።» ዳሌሽስ? ነርሷስ? ብዬ ጮህኩባት። «ዳሌዬ የራሴ ነው» አለች፣ «በፈለግኩት እቆምርበታለሁ። እናንተን ግን እኔ ስሞት ማን ሊያስታርቃችሁ ነው?» እግዜር ያሳይህ፣ ቤቷን አሲዛ ነው የተቆማመረችው! ያን ቀን ካንተ ይልቅ እሷን ላንቃት ምንም አልቀረኝም።

ጥገናው ራሱ ከቁጣዬ ያነሰ ሆነ። የበሰበሰውን ቆርጠን አወጣን፣ ጫፎቹን በፀጉር ማድረቂያ አደረቅን፣ ያንተን ቧንቧ ቀብተን ገጠምነው። ልኩ አንዲት ፀጉር አልተሳሳተም፣ እሱም አናደደኝ። ውርጩ ማጣበቂያውን እንዳያበላሸው አንድ ቀን ሙሉ ትንሽ ማሞቂያ አጠገቡ አደረግን፣ ማክሰኞ ሞላነው፣ ረቡዕ ጠዋት ሞቀ። ጠብታ አልወጣውም። እማዬ ገብታ ስትቀመጥ «እእእፎይ» ስትል ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ዞር አሉ።

ሐሙስ ነርሷ መጣች። ከወንበሩ ያለ ድጋፍ ተነሺ አለቻት። በመጀመሪያው ሙከራ አልቻለችም። በሁለተኛው ተነሳች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ጎንበስ ብላ የግራ ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች። ነርሷ የሆነ ነገር ጻፈችና «የዛሬ ዓመት እንገናኝ» ብላ ሄደች።

አሁንም ተናድጃለሁ፣ እንዳትሳሳት። ሰው ለእህቱ መልእክት ከጣውላ ሥር ይጽፋል? ስልኬን እንደማላነሳ ታውቅ ነበር፣ እሺ። ውጣልኝ ያልኩህም እኔ ነኝ፣ እሺ። ያቺ የቀረችህ አንድ ቀን ምን ልትሠራባት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። መጦሪያ ያልከውን ግን አልረሳሁም፤ እሱን ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው የምንነጋገረው። ኢወን ቀዳዳውን ልድፈነው ሲለኝ እንዳትነካው ብዬዋለሁ። ስድስቱን ጣውላ ገዝቼ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ቀዳዳውን ለጊዜው በወፍራም ኮምፖንሳቶ ከድኜዋለሁ። ሥራው ያንተ ነው፣ ለገና መጥተህ ጨርሰው።

ጃኔልን ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች እማዬ፣ እኔም እንዲሁ። ለትልቋ ለብሪያር አክስትሽ አሁን ቧንቧ ትገጥማለች በላት። ለትንሿ ለኬይሊን ከሦስቱ አበቦች የተረፈውን በስሟ እንደገና ተክለንላታል። ለአማትህም ሰላም በልልኝ። ቃል የገባሁትን ብሎን ስላላገኘሁት ፖስታው ውስጥ የአባዬን ጎማ ቁራጭ ከትቼልሃለሁ፤ አሽትተው፣ እስካሁን ወተት ወተት ይሸታል። ከጽሕፈትህ ሥር ደግሞ እኔም በእርሳስ መልስ ጽፌበታለሁ። ምን እንዳልኩ በደብዳቤ አልነግርህም። መጥተህ፣ ጭቃው ላይ በጀርባህ ተኝተህ አንብበው።

እህትህ ኖሊን

ራንፈርሊ፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ